ስልክ ሲዘጋ የሚነሣው ቦርሳ

ጥር 9 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ የከተራ ዋዜማ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ መጠኑ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሎስ አንጀለስን ናጣት። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመላ ከተማዋ መብራት ጠፋ፤ ሁሉም ዘመዱን ሲፈልግ የስልክ መስመሩ ተጨናነቀ።

እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ይፋዊ ስያሜ ባገኘው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈርም ተመሳሳይ ሌሊት ቢመጣ፣ የብዙዎች መተማመኛ በኪስ ያለው ስልክ ነው። የሞባይል ማማ ግን መብራት ሲቋረጥ ዕድሜው የመጠባበቂያ ኃይሉ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ክፍተት የካውንቲው የአደጋ ጊዜ መገናኛ አገልግሎትና የከተማዋ እሳት አደጋ መምሪያ ረዳት የመገናኛ ክፍል ፈቃድ ያላቸውን የአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች ያሰማራሉ። እነዚህ ሰዎች ጥሪ ሲመጣ አንሥተው የሚወጡት ቦርሳ አስቀድሞ ተሰናድቶ በር አጠገብ ይቀመጣል።

ጀማሪዎች ሬዲዮ ሲያማርጡ ይከርማሉ፤ ቦርሳውን የሚገዛው ግን ባትሪው ነው። በ50 ዋት የሚያስተላልፍ የመኪና ሬዲዮ ሲናገሩበት 10 አምፒር፣ ሲያዳምጡበት ግማሽ አምፒር ያህል ይወስዳል። ባለቤቱ ከጊዜው ሩቡን ቢናገር አማካዩ ወደ 3 አምፒር ስለሚጠጋ፣ 20 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 7 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል። ኃይሉ ወደ 10 ዋት ሲወርድ ግን ፍጆታው በንግግር ጊዜ 4 አምፒር ገደማ ስለሚሆን ያው ባትሪ 14 ሰዓት ያህል ያገለግላል። በቅርብ ርቀት አድማጩ ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም።

የጎደለውን ዋት ከፍታ ይክሰዋል። የሁለት ሜትር ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ ስለሚጓዝ ሕንፃና ኮረብታ ያግዱታል። ስለዚህ ከእጅ ሬዲዮ ጋር የሚመጣውን አጭር የጎማ አንቴና ከማመን፣ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ የሽቦ አንቴና ይዞ ጣሪያ ላይ መስቀል ይሻላል። ተራራ ላይ ያለው ሪፒተር ሊወድቅ ስለሚችልም የቀጥታ ግንኙነት ድግግሞሾች በወረቀት ተጽፈው ይያዛሉ። ፊውዝ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የእጅ ባትሪ፣ እርሳስና ወረቀት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ አንድ የማይገጥም ማገናኛ ግን ቦርሳውን በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ፈተና 35 ጥያቄዎች አሉት፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። በአሜሪካ ሕግ የጥሪ ምልክትን በድምፅ የሚያሳውቁት በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ንግግር በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ በመጠለያ ውስጥ መድኃኒቷ ያለቀባትን አማርኛ ብቻ የምትናገር እናት መልእክት የሚቀበል ሰው ከወዲያኛው ሬዲዮ ጫፍ እስካለ ድረስ።