ኢንቨስትመንት ባንክ ለመግባት ምን ይጠና?

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ፣ ዲፓርትመንት በሚመርጡ ተማሪዎችና በወላጆቻቸው ዘንድ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ኢንቨስትመንት ባንክ ለመግባት የቱን ትምህርት ማጥናት ይሻላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ከዲፓርትመንቱ ስም በፊት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢንቨስትመንት ባንክ ቁጠባ አይሰበስብም፤ እንደ ንግድ ባንኮች የብድር መስኮትም የለውም። ገንዘብ የሚፈልግን ኩባንያ ገንዘብ ካለው ጋር ያገናኛል። አክሲዮን ወይም ቦንድ ሲወጣ ዋጋውን ያጠናል፣ የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን (ፕሮስፔክተሱን) ያዘጋጃል፣ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዘንድ የሚደረገውን ምዝገባ ይከታተላል፣ ገዥ ያፈላልጋል። ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ወይም አንዱ ሌላውን ሲገዛም ያማክራል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ በዚህ ዘርፍ ፈቃድ በማግኘት ቀዳሚዎቹ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ናቸው።

የኢትዮ ቴሌኮምን የአክሲዮን ሽያጭ እንውሰድ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ቀረበ። ሒሳቡን ለሚያሰላ ሰው ይህ ዋጋ ኩባንያው በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ማለት ነው። የካቲት 7 ቀን ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ። ለምን 300 ብር ሆነ? ለምን 200 ወይም 400 አልሆነም? አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ከ3,333 አክሲዮን እንዳይበልጥ መደረጉስ በውጤቱ ላይ ምን አመጣ? የኢንቨስትመንት ባንክ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ፣ በቁጥር አስደግፎ ለመመለስ ነው።

አክሲዮን የሚገዛ ሰው ወደፊት የሚመጣን ገንዘብ ዛሬ እየገዛ ነው። ስለዚህ የወደፊቱ ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ መታወቅ አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ተመን ወደ ዛሬ ሲሰላ ዋጋው 497 ብር ገደማ ነው። ተመኑ 25 በመቶ ከሆነ ደግሞ 328 ብር ብቻ ይሆናል። የኩባንያው ሥራ ሳይለወጥ፣ አንድ ቁጥር በመቀየሩ ብቻ የዋጋው ሲሶ ጠፋ ማለት ነው። የትኛው ቁጥር ትክክል ነው? ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የፖሊሲ ወለድ ተመኑን 15 በመቶ አድርጓል፤ ነገር ግን የዋጋ ንረቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን የተደረገው የብር ምንዛሪ፣ የኩባንያው የውጭ ዕዳና የራሱ ሥጋት ሁሉ ይህን ቁጥር ወደ ላይ ይገፉታል። ቀመሩን ኤክሴል በአንድ ሰከንድ ይሠራዋል። ከባዱ ቁጥሩን መርጦ ምርጫውን ማስረዳት ነው፤ እዚያ ላይ የሒሳብ አያያዝና የኢኮኖሚክስ ዕውቀት ይገናኛሉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይኸውና። አካውንቲንግና ፋይናንስ ቀጥተኛው መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሒሳብና ስታትስቲክስን የሚሸሽ የአካውንቲንግ ተማሪ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ደግሞ የሀብትና ዕዳ መግለጫን አንብቦ መተንተን ካልቻለ የዋጋ ጥናቱን መጀመርም አይችልም። ሁለቱም ከጎረቤት ዲፓርትመንት የሚጎድላቸውን ኮርስ ቢወስዱ ይጠቀማሉ። በምህንድስና ወይም በስታትስቲክስ የተመረቀም ሩቅ አይደለም፤ ቁጥር የለመደ አእምሮ የሒሳብ አያያዝን በአንድ ዓመት ጠንካራ ጥናት ሊይዘው ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን የማይወዱትን ትምህርት ለስሙ ብሎ መምረጥ ውጤትን ይጎዳል፤ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ውጤትን ነው።

ዝግጅቱ ከመመረቂያው ዓመት በፊት መጀመር አለበት። የአንድ ባንክን የአምስት ዓመት የሒሳብ መግለጫ ሰብስባችሁ ገቢውን፣ የተበላሸ ብድሩንና የትርፍ ድርሻ ክፍያውን በራሳችሁ ሠንጠረዥ አስፍሩ። በገበያው ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዚያ የአክሲዮኑን ዋጋ ገምቱ፤ ግምታችሁንም በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። ጽሑፉን አትናቁት። የደንበኛ ሳቢ መግለጫ በመሠረቱ ጽሑፍ ነው፤ አንድ የተድበሰበሰ ዓረፍተ ነገር በሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ገዥዎችን ሊያሳስት ይችላል። ሲኤፍኤ የሚባለው የፋይናንስ ተንታኞች የሙያ ፈተና ሦስት ደረጃ አለው፤ ክፍያው በዶላር በመሆኑ ለቤተሰብ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ደረጃ ሥራ ይዞ፣ ከተቻለም በአሠሪ ድጋፍ መፈተን ይቻላል።

በአሜሪካ የሚማሩ የወገኖቻችን ልጆች የሚገጥማቸው ሌላ ነው። እዚያ ትልልቆቹ ባንኮች የበጋ ተለማማጆችን የሚመርጡት ገና በሁለተኛ ዓመታቸው ስለሆነ፣ ዘግይቶ የነቃ ተማሪ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ድካሙም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በጎልድማን ሳክስ 13 የመጀመሪያ ዓመት ተንታኞች በሳምንት በአማካይ 95 ሰዓት እንደሚሠሩ መናገራቸው ዓለምን አነጋግሯል።

በአገር ቤት ገበያው ገና ጀማሪ ነው፤ ለጊዜው የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው የሚመርጠው ትምህርት ወደ ኦዲት፣ ወደ ንግድ ባንክ የብድር ትንተና፣ ወደ ኢንሹራንስ ወይም ወደ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም የሚያስገባ ይሁን። በእነዚህ ቦታዎች ሦስትና አራት ዓመት የሠራ ሰው ገበያው ሲሰፋ ቀድሞ የሚፈለገው እሱ ነው። በተለይ የብድር ትንተናን አደንቃለሁ፤ የድርጅትን ጥሬ ገንዘብ ከወረቀቱ ጀርባ ፈልጎ ማግኘትን እንደ እሱ የሚያስተምር ሥራ የለም።

ለኢንቨስትመንት ባንኮቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። የተለማማጅነት ዕድሉን በግልጽ ማስታወቂያና በፈተና አውጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌላቸው የጅማ፣ የጎንደርና የሰመራ ተማሪዎችም እኩል እንዲወዳደሩ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪያቸውን ሸፍኑላቸው።