ቲርሐቅና ሰሎሞን፦ ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንመልስ?

በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በሚደረግ የባለትዳሮች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ “ልጄ ከትምህርት ቤት መጣና፣ ‘አባዬ፣ ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ምኒልክን ወለደች የሚለው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የት ነው?’ አለኝ። አለ ብዬ ነግሬው ነበር። አብረን ፈለግን፣ አጣነው። ‘ታዲያ ሌላው ሁሉ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?’ ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።”

የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ነው። ያደግነው የእስራኤልና የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ አንድ ላይ ተገምዶ ሲነገረን ነውና፣ ቃሉ የሚለውን ቃሉ ከማይለው ሳንለይ ለልጆቻችን እናወርሳለን። ልጁ አንዱ ክር ሲበጠስበት ገመዱን ሁሉ ይጥለዋል።

ቃሉ የሚለውና የማይለው

1ነገ. 10 እና 2ዜና 9ን እናንብብ። ንግሥቲቱ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች፤ 120 መክሊት ወርቅ፣ እጅግ ብዙ ሽቱና የከበረ ዕንቍ ሰጠችው፤ በጥበቡ ተደነቀች፤ ከአገልጋዮቿም ጋር ወደ ምድሯ ተመለሰች። ልጅ ስለ መውለዷ አንድም ቃል የለም። ጌታችንም ሲያነሣት (ማቴ. 12፡42) ጥበብ ልትሰማ ከምድር ዳር መምጣቷን እንጂ ዘሯን አልተናገረም።

የምኒልክን ታሪክ በሰፊው የምናገኘው በግእዝ በተጻፈው ክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ አሁን ባለው መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ሥልጣኑን ከዛጉዌ ነገሥታት ከወሰደ በኋላ ማለት ነው። ትውፊቱ ከመጽሐፉ ሊቀድም ይችላል። ቢሆንም በሰሎሞንና በመጽሐፉ መካከል ከ2000 ዓመት በላይ አለ። አዲሱ ሥርወ መንግሥት “ዙፋኑ የአባቶቼ ነበር” ብሎ ለመቆም ይህ ታሪክ እንዴት እንደ ጠቀመው ማስተዋል አያዳግትም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ በ2ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ድረስ ይቆጥራል። ያ ዙፋን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አበቃ።

ይህን የምንለው ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ጋር መከራከሪያ እንዲሆን አይደለም። ክብረ ነገሥት የአገራችን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ቅርስ ነው። በትግራይ አድዋ አጠገብ የሚገኘው የይሓ ቤተ መቅደስም፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ከነበሩት ሳባውያን ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንደ ነበረን ይመሰክራል። ቅርስን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ ለልጅ መንገር ግን ሌላ ነው።

በስሙ የተጠራው ንጉሥ

የሚገርመው፣ በሌለው ስንከራከር ያለውን ሳናነበው ማለፋችን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ብሎ በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ቲርሐቅ ነው (2ነገ. 19፡9፤ ኢሳ. 37፡9)። ኢትዮጵያዊው ዝሪም በ2ዜና 14 ተጠቅሷል፤ ነገር ግን ንጉሥ አልተባለም።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 701 ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ወስዶ ኢየሩሳሌምን አስጨንቋል። መልእክተኛው ራፋስቂስ ከቅጥሩ ሥር ቆሞ ሕዝቅያስን ይሳለቅበታል፤ ግብፅን መደገፍ የሚደገፈውን ሰው እጅ የሚወጋ ሸምበቆ እንደ መመርኰዝ ነው ይለዋል። በዚህ መካከል ቲርሐቅ ሊዋጋ መጣ የሚል ወሬ ተሰማ።

ይህን ዘመቻ አሦራውያን ራሳቸው ጽፈውታል። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኝ ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ጽሑፍ ላይ፣ ሰናክሬም 46 የይሁዳን ከተሞች እንደ ያዘ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም እንደ ዘጋበት ይፎክራል። ከተማይቱን ያዝሁ ግን አይልም! የተከፈለው ወርቅ በሁለቱም ጽሑፎች 30 መክሊት ነው። ብሩን መጽሐፍ ቅዱስ 300 ሲል፣ የአሦሩ ንጉሥ 800 ይለዋል። (ድል አድራጊ ሲቆጥር ይበዛለታል።) ከግብፅ ጋር ተሰልፈው የመጡትን የኩሽ ንጉሥ ቀስተኞችና ሠረገሎችም ይጠቅሳል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ቲርሐቅ የነገሠው በ690 ነው፤ በ701 ገና ንጉሥ አልነበረም። ተቺዎች ይህን ይዘው “መጽሐፍ ቅዱስ ተሳሳተ” ይላሉ። እኛስ “አፄ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ” እንል የለም? በዚያን ቀን አፄ አልነበሩም፤ ኃይለ ሥላሴም ተብለው አልነገሡም። ዘጋቢው የሚጠራቸው በኋላ በታወቁበት ስም ነው። ይኸው ምዕራፍ በ681 በልጆቹ የተገደለውን የሰናክሬምን ሞት ጽፎ ይዘጋልና፣ በጸሐፊው ዘመን ቲርሐቅ በእርግጥ ንጉሥ ነበር።

ቲርሐቅ ግብፅን የገዛው የ25ኛው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ነው። በካርናክ ካቆማቸው ረጃጅም ዓምዶች አንዱ ዛሬም ቆሟል። መቃብሩ በሰሜን ሱዳን ኑሪ በሚባል ስፍራ የሚገኝ ፒራሚድ ሲሆን፣ በውስጡ ከ1000 በላይ ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ተገኝተዋል። ዕብራይስጡ አገሩን ኩሽ ይለዋል፤ የግሪኩ ትርጉም ኢትዮጵያ አለው፤ የእኛም ትርጉም ይህንኑ ተከትሏል። ስለዚህ የዛሬዋን ካርታ ዘርግተን “ንጉሣችን” ብንል ለሱዳናውያን ወንድሞቻችን ድርሻቸውን መንሣት ይሆናል። ልጆቻችንም ይህን ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ነቢዩ ግን ምን አለ?

እንግዲህ ኃያል ጥቁር ንጉሥ አገኘን ብለን ልንኮራ ስንነሣ ኢሳይያስ ያስቆመናል። የአሦር ሠራዊት አዛጦንን በያዘ ጊዜ፣ ነቢዩ ሦስት ዓመት ራቁቱንና ባዶ እግሩን ሄደ (ኢሳ. 20)። የግብፅና የኢትዮጵያ ሰዎች እንዲሁ ተማርከው እንደሚሄዱ፣ ኢትዮጵያን ተስፋ ያደረጉትም እንደሚያፍሩ ምልክት ነበር። ኢየሩሳሌም የዳነችው በቲርሐቅ ፈረሶች አይደለም። ሕዝቅያስ የዛቻውን ደብዳቤ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋ፤ የእግዚአብሔር መልአክም በሌሊት ወጣ (2ነገ. 19፡14፣ 35)። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ከጸሎት በፊት ውጭ አገር ላለው ዘመድ የምንደውል ባልና ሚስት ይህን ክፍል አብረን ብናነበው አይጎዳንም።

የነቢዩ ቃልም ተፈጸመ። የሰናክሬም ልጅ አስራዶን በ671 ሜምፎስን ያዘ፤ የቲርሐቅን ቤተ ሰዎች ማረከ። በቱርክ ዚንጂርሊ እ.ኤ.አ. በ1888 የተገኘ የድንጋይ ሐውልት አስራዶንን ያሳያል፤ በእጁ በያዘው ገመድ ጫፍ ላይ፣ ከንፈሩ ተበስቶ የተንበረከከ ምርኮኛ አለ። ብዙ ሊቃውንት የቲርሐቅ ልጅ ነው ይላሉ። በ663 ደግሞ ታላቋ ኖእ አሞን ወደቀች፤ ናሆምም ውድቀቷን ለነነዌ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ያነሣዋል (ናሆ. 3፡8-10)።

ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከዚያው ከኩሽ ምድር አንድ ባለሥልጣን ወደ ኢየሩሳሌም መጣ። የህንደኬ ጃንደረባ ነበር፤ ህንደኬም በመርዌ ለነገሡት ንግሥታት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ የሚያነበው ነቢዩን ኢሳይያስን ነው (ሐዋ. 8)። የቲርሐቅ ስም ያለበት፣ የአገሩም ምርኮ የተነገረበት መጽሐፍ ነው። ፊልጶስን የጠየቀው ግን ስለ አገሩ ነገሥታት አልነበረም፤ እንደ በግ ወደ መታረድ ስለ ተነዳው ሰው ነበር።