መምህሩም መምህር አለው

የይፋት ቆላ ደረሳ (የእስልምና ተማሪ) ፊቅህና ነህው፣ ማለትም የሃይማኖቱን ሕግና የዐረብኛ ሰዋስው ፍለጋ ስንቁን ይዞ ከሼህ ወደ ሼህ ሲጓዝ ኖሯል፤ በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ያለው ጎዜና ከከሚሴ ወዲያ ተራራ ላይ ያለችው ሾንኬ፣ ሁለቱም የእስልምና ትምህርት መንደሮች፣ ለዚህ ምስክር ናቸው። በሂንዱ እምነት የሼሁን ቦታ የያዘው ጉሩ የሚባለው መምህር ነው። ኡፓኒሻዶች የተባሉት ጥንታዊ የሂንዱ መጻሕፍት እውነትን የሚሻ ሰው ማገዶ ይዞ መምህር ደጅ እንዲቀርብ ያዛሉ፤ የኛም ደረሳ ለሼሁ እንጨት እየለቀመ፣ እርሻ እያገዘ ተምሯል። እምነታቸው በእርግጥ ይራራቃል። ጉሩ የአምላክ መገለጫ ተደርጎ ሊከበር ይችላል፤ እስልምና ግን ፍጡርን ከአላህ ጋር አያስተካክልም። የሚገናኙት በሥልጣኑ ምንጭ ነው፦ መምህሩ ራሱ ከመምህር ተቀብሏል። የቃዲሪያ ሱፊ መንገድ ሼህ ሲልሲላውን (የመምህራኑን ሰንሰለት) ይቆጥራል፣ ጉሩውም የመምህራኑን ሐረግ።

መጽሐፉ በስልክ እያለ መምህር ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። መጽሐፍ ግን ያነበበውን ሰው ጠባይ አይቶ አያርምም። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፍጹም መታዘዝ ለበደል በር ይከፍታል። ይህ እውነት ነው፤ አሳራም ባፑ የተባለው ዝነኛ ጉሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ታዳጊ ልጅ በመድፈር ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ሆኖም ጭፍን መታዘዝ ራሱ ከትውፊቱ ጋር ይጋጫል፦ በታይቲሪያ ኡፓኒሻድ መምህሩ ተመራቂውን የሚያዘው ከእርሱ መልካሙን ሥራ ብቻ እንዲከተል ነው። የይፋት ደረሳም አንዱን ኪታብ ጨርሶ ወደ ሌላ ሼህ መሄድ ይችላል፤ የሼሁንም ኑሮ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ሺዎችን በቴሌቪዥን የሚያስተምር ጉሩ ግን ይህ ቅርብ ዓይን የለበትም።