ቼክ ኢንጂን ማስጠፋት ስንት ያስወጣል?

አሶሳ ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ «ቼክ ኢንጂን ማስጠፊያ» የሚባል ወጪ አለበት። እኛ ቤት የ2003 ሞዴል ራቭፎር አለች (በፈረንጆቹ ነው፣ ዕድሜዋን ላሳንስላት ብዬ አይደለም)። ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች፣ አባዬ ጋራዥ ይወስዳታል፣ ትጠፋለች፣ ይከፈላል። ከዚያ ባምባሲ ደርሰን ስንመለስ እንደገና ቦግ!

በሦስተኛው ዙር «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ተባለ። ሴንሰሩ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጣ፤ ተገጠመ። መብራቷም በሳምንቱ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ችግር ሲያይ ኮድ ይመዘግባል። ባትሪ ነቅሎ መመለስም ሆነ በማሽን ማጥፋት መዝገቡን ይሰርዛል እንጂ ችግሩን አይነካውም። ብዙዎቹ ብልሽቶች ደግሞ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልታዩ መብራቷን አያበሩም። ለዚህ ነው ከጋራዥ ስትወጡ ሁሉም ሰላም የሚመስለው።

በመጨረሻ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ማንበቢያ አስመጣሁ። ስልኬ ላይ የወጣው ኮድ ፒ0171 ነበር፦ ከቤንዚኑ ጋር ሲነጻጸር አየሩ በዝቷል። ኮድ «ይህን ዕቃ ቀይሩ» አይልም፤ የት አካባቢ እንደምትፈልጉ ነው የሚጠቁመው። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ሌላ መካኒክ ጋር ሄድን። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ጎንበስ ብሎ አጠፍ ሲያደርገው ከሥር በኩል ተሰንጥቋል። አሮጌው ሴንሰር ያለ ጥፋቱ ነው የተጣለው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ አከርሎፍን ሳይጠራ አያልፍም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው እንደሚበላሽ አሳየ፤ በ2001 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። ጋራዥም ያው ነው፦ መካኒኩ ኮዱን አይቷል፣ እናንተ መብራቷን ብቻ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፤ መለዋወጫም አብሮ ሰማይ ወጣ። ስለዚህ ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ቢጫዋ መብራት የግድ መታየት አለባት፤ ካልታየች አምፖሏ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ማንበቢያዋ የመኪናው የራስ ምርመራ «አልተጠናቀቀም» ካለች ደግሞ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት። እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ስልክ ማውጣት የለም። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ማቀጣጠል እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥለዋል። ዳር ይዛችሁ አጥፉ።

የ90ዎቹ ራቭፎር ያላችሁ ማንበቢያዋ ላትሠራላችሁ ትችላለች። እናንተ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የመመርመሪያ ሳጥኗን ሁለት ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ፣ የመብራቷን ብልጭታ የሚቆጥር የድሮ ቶዮታ መካኒክ ፈልጉ።