የእርሻ ትምህርት ወደ ገበሬው ማሳ ስለ መድረሱ

የእርሻ ጥበብ በትምህርት ቤት ግቢ ታጥሮ ቢቀመጥ ለተማሪው ዕውቀት ይሆናል እንጂ ለአገር እህል አይሆንም። በአሜሪካ የሆነው ነገር ይህን በግልጥ ያስረዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1862 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ፥ የአሜሪካ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ በምክር ቤት ባሉት እንደራሴዎች ቍጥር ልክ፥ ለአንድ እንደራሴ 30,000 ኤከር፥ ይኸውም በእኛ ልክ 300 ጋሻ ያህል መሬት ሰጠ። ዋጋውም እርሻንና የእጅ ጥበብን ለሚያስተምር ኮሌጅ መቋቋሚያ ሆነ። ይህ መሬት ከጥንት ባለቤቶቹ፥ ከአገሩ ተወላጆች፥ በውል ስም ወይም በኃይል የተወሰደ መሆኑን ታሪክ አይሸሽግም። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ሕግ ለኮሌጆቹ የእርሻ መመርመሪያ ጣቢያ ተጨመረላቸው።

ነገር ግን በጣቢያው የተመረመረው ሁሉ ታትሞ ሲወጣ ብዙው ገበሬ አላነበበውም፤ ካነበበውም ብዙው አላመነውም። በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ዘሩ ቢከሽፍ የሚራበው የእርሱ ቤተ ሰብ ነው እንጂ መጽሐፉን የጻፈው ሊቅ አይደለም።

ቀድሞ በአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ አስተማሪ የነበሩት ሲማን ናፕ፥ ዕድሜያቸው ወደ 70 ሲቃረብ፥ በ1903 ዓ.ም. በቴክሳስ በቴረል ከተማ አጠገብ አዲስ ዘዴ ፈተኑ። ዋልተር ፖርተር የተባለ ገበሬ፥ ከእርሻው 70 ኤከሩን እርሳቸው በመከሩት አኳኋን በገዛ እጁ ሊያርስ ተስማማ፤ የከተማው ሰዎችም ኪሳራ ቢደርስበት የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድመው አዋጡ። መከሩ ሲሰበሰብ ፖርተር፥ በቀድሞው ልማድ ቢያርስ ኖሮ ከሚያገኘው 700 ዶላር የሚበልጥ ማትረፉን ተናገረ፤ የዋስትናውም ገንዘብ ሳያስፈልግ ቀረ። አገረ ገዥና የወረዳ ሹም ከሁሉ ይልቅ ይህን የዋስትና ነገር ልብ ሊሉት ይገባል። ገበሬው ምክሩን የተቀበለው በቃል ብልጫ ተረትቶ ሳይሆን፥ ጉዳቱን የሚካፈለው ሰው በማግኘቱ ነውና። አዲስ ዘር ወደ ወረዳው ሲመጣ፥ ቢከሽፍ ማን ይከፍላል ተብሎ አስቀድሞ ይጠየቅ።

በ1906 ዓ.ም. ከተስኪጊ ትምህርት ቤት የተነሣ ሰረገላ ማረሻና ዘር ጭኖ በየመንደሩ እየዞረ ጥቁሮቹን ገበሬዎች ያስተምር ጀመር። በ1914 ዓ.ም. በወጣው ሕግም ኮሌጆቹ በየወረዳው የእርሻ መካሪ እንዲያኖሩ ማዕከላዊው መንግሥትና ክፍለ ግዛቶቹ ወጪውን ተካፈሉ።

ይህ ሥርዐት ወደ አገራችን የደረሰው፥ መንግሥታችን ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በ1952 ዓ.ም. በተዋዋለው ውል ነው። ከዚህም የዓለማያ ኮሌጅ፥ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ ተገኘ። ገበሬውን የመምከሩ ሥራም መጀመሪያ በኮሌጁ እጅ ነበረ፤ በ1963 ዓ.ም. ግን ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከማሳው የሚነሣውን ጥያቄ ለመርማሪዎቹ የማድረስ ግዴታ በሹማምንቱ ላይ ወድቋል።