ፒፒፒዲ፦ ለምን እንዳልተገናኘ የሚናገር ፕሮግራም

የዲያልአፕ ኢንተርኔት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ያው ደግሞ ይደውላል። ሊኑክስ ላይ ግን ከመደወል በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ፕሮግራም አለ፤ ፒፒፒዲ ይባላል። መስኮትም ሥዕልም የለውም፤ ከጀርባ ሆኖ መስመሩን ያስጀምራል፣ ሲሰናከልም የት እንደተሰናከለ በቁጥር ይናገራል።

ፒፒፒዲ ራሱ ስልክ አይደውልም። ይህን ሥራ ቻት ለተባለ ረዳቱ ይተወዋል። ቻት ለሞደሙ ትእዛዝ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲመጣ ቀጣዩን ይልካል። ሞደሙ «ኮኔክት» ካለ በኋላ ፒፒፒዲ ይረከብና ሦስት ጉዳዮችን በተራ ይፈጽማል፦ ከወዲያኛው ኮምፒውተር ጋር በመስመሩ ደንብ ይስማማል፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ያቀርባል፣ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል።

የመውጫ ቁጥሩን ለማየት «ኖዲታች» በሚለው አማራጭ ማስነሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወደ ጀርባ ስለሚሄድ ቁጥሩ ያመልጣል። «ዲበግ» የሚለው አማራጭ ከተጨመረ ደግሞ እያንዳንዱ ምልልስ በሲስተሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ቁጥሩ 7 ከሆነ የሞደሙ ወደብ አልተከፈተም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስም ተሰጥቶ ነው፤ ዊንዶውስ ኮም1 የሚለውን ሊኑክስ የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ ኮም2 ላይ ያለ ሞደም ቲቲዋይኤስ1 ይሆናል።

8 ቻት አልተሳካለትም ማለት ነው። «ቢዚ» የሚል መልስ ከተመዘገበ ቁጥሩ ተይዟል፤ ቆይቶ መደወል ነው። «ኖ ዲያልቶን» ካለ መጀመሪያ ገመዱ ይታያል። ገመዱ ደህና ሆኖ ስልኩ በቢሮ ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሞደሙ ድምፁን ላያውቀው ይችላል፤ «ኤቲኤክስ3» የሚለው ትእዛዝ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል። ሞደሙ ጨርሶ ካልመለሰ ግን ዊንሞደም እንዳይሆን ያሰጋል። ይህ ዓይነቱ ሞደም ከሥራው አብዛኛውን በዊንዶውስ ሶፍትዌር ላይ የጣለ በመሆኑ፣ ለሊኑክስ የተሠራ ድራይቨር ከሌለው በትእዛዝ ማስተካከያ አይነቃም።

10 ስልኩ ተነሥቶ ስምምነቱ የፈረሰበት ነው። መዝገቡ ላይ ፒፒፒዲ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ሲልክ፣ ከወዲያ ግን አንድም መልስ ሳይመጣ ይታያል። አንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ ፒፒፒ የተባለውን የመስመር ደንብ ከመጀመሩ በፊት ስምና የይለፍ ቃል በተራ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ የቻት ትእዛዝ ይህን ካላካተተ ሁለቱም ወገኖች ሲጠባበቁ ሰዓቱ ያልፋል።

19 ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ማጣቱን ይነግራል። ፓፕ-ሲክሬትስ የተባለው ፋይል ውስጥ የተጻፈው ስም ፒፒፒዲ ከሚልከው ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። 16 ደግሞ ሞደሙ ስልኩን መዝጋቱን ያመለክታል።

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን ምንም ስሕተት ሳይታይ ገጽ የማይከፈትበት ነው። በአይፒ ቁጥር ፒንግ ሲደረግ መልስ ከመጣ፣ በስም ሲሆን ግን እምቢ ካለ፣ የጎደለው ዲኤንኤስ ነው፤ «ዩዝፒርዲኤንኤስ» የሚለው አማራጭ የአገልግሎት ሰጪውን የዲኤንኤስ አድራሻ ይጠይቃል። በቁጥርም ካልሠራ ኮምፒውተሩ ላይ የኔትወርክ ካርድ መኖሩ ይጣራ። ካርዱ ቀድሞ ነባሪውን መንገድ ይዞ ከሆነ ፒፒፒዲ ነባሩን እንደማይተካ መዝገቡ ላይ አስፍሮ ያልፋል፤ መስመሩ ቢገናኝም ፓኬቱ የሚወጣው በካርዱ በኩል ነው። የድሮውን መንገድ ሰርዞ እንደገና መገናኘት ይበቃል።

ዲያልአፕ ቢያልፍበትም ፒፒፒዲ ሥራ አልፈታም። ብዙ የ3ጂ ዩኤስቢ ሞደሞች ሊኑክስ ላይ ኮከብ 99 መሰላል እየደወሉ የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው። እዚያም 8 ሲመጣ ሞደሙ፣ 19 ሲመጣ ስምና የይለፍ ቃሉ ይመረመራል።