ጫፉ ስለገባ ብቻ አይስማማም

ዛሬ በብዙ ቤት አንድ ላፕቶፕ አይጠፋም። ከጂዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው፣ አለዚያም ከመርካቶ ያገለገለ ተብሎ የተገዛ ይሆናል። ታላቅየው የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራበታል፣ ታናናሾቹ ትምህርታቸውን ይከታተሉበታል፣ አባት የሱቁን ሒሳብ ይመዘግብበታል። ታዲያ ቻርጀሩ የተቃጠለ ዕለት ምን ይደረጋል? ብዙውን ጊዜ አንደኛው ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። ባለሱቁም ከካርቶን ውስጥ አንዱን መዝዞ ላፕቶፑ ላይ ይሰካና መብራቱ ሲበራ «ይኸው ሠራ!» ይላል። የበራው መብራት የሚመሰክረው ግን ኤሌክትሪክ መድረሱን ብቻ ነው፤ መጠኑ ልክ ስለመሆኑ የሚናገረው ነገር የለም።

እንግዲህ በቅድሚያ መነበብ ያለበት ላፕቶፑ ከሥሩ፣ ቻርጀሩም በጀርባው ላይ የያዘው ጽሑፍ ነው። ቻርጀሩ ላይ ሁለት መስመሮች ይገኛሉ። «ኢንፑት» የሚለው ከግድግዳ የሚቀበለውን፣ «አውትፑት» የሚለው ደግሞ ለላፕቶፑ የሚሰጠውን ይገልጻል። በኢንፑቱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ በአሜሪካው 120 ቮልትም ሆነ በእኛው 220 ቮልት ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ የጁስ መፍጫ እንዲሁ ሰክቶ ያቃጠለ ሰው ላፕቶፑንም ሲፈራ ይታያል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቻርጀር ትራንስፎርመር መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት ችግራቸው ሌላ ነው። በሳዑዲና በኤምሬትስ የተለመደው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት በመሆኑ ከእኛ ባለ ክብ ቀዳዳ ማከፋፈያ ጋር አይገጥምም። ይህም ቢሆን ቻርጀሩን አያስለውጥም። ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለው ገመድ ብዙውን ጊዜ ተነቃይ ነው፤ ያንን ገመድ ብቻ በአገራችን ዓይነት መቀየር ይበቃል። በሚወዛወዝ ቀያሪ ሶኬት ከመጠቀም ይህ ይሻላል፤ የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ስሕተት የሚበዛው አውትፑቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ክብ ጫፍ ያላቸው ቻርጀሮች 18.5፣ 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ይሰጣሉ። ቮልቱ ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል፤ ቢበዛ ቦርዱን ሊያቃጥል፣ ቢያንስ ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። አምፔሩ ግን እንደዚህ አይደለም። እኩል ወይም የሚበልጥ ቢሆን ጉዳት የለውም። ለአሥር ሰው የሚበቃ ትሪ ለአራት ሰው ቢቀርብ አራቱ የሚበቃቸውን በልተው ይነሣሉ እንጂ ትሪው አስገድዶ አያጎርሳቸውም፤ ላፕቶፑም እንዲሁ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። ለምሳሌ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ሲባዙ 65 ዋት ይሆናሉ፤ 19.5 ቮልትና 4.62 አምፔር ደግሞ 90 ዋት። ጫፋቸው አንድ ከሆነ የ90ው ቻርጀር ለ65ቱ ላፕቶፕ ይሆናል። ተገላቢጦሹ ሲሆን ግን ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይግላል፤ ወይም ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል።

እዚህ ላይ የዴል ላፕቶፖችን ማንሣት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ቻርጀሮቻቸው ጫፍ መካከል መርፌ የመሰለች ቀጭን ሽቦ አለች። ሥራዋ ኃይል ማሳለፍ ሳይሆን ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ መንገር ነው። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ፎርጅድ ከሆነ ላፕቶፑ ይበራል፤ ነገር ግን ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ስንቱ ሰው ጥፋቱ የባትሪው መስሎት አዲስ ባትሪ ገዝቷል!

በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ታይፕ ሲ የተባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን፣ ቻርጀሩና ላፕቶፑ ስንት ቮልት እንደሚሻ ተነጋግረው ይስማማሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ላፕቶፖች በዚሁ መሰኪያ እንዲሞሉ የሚያስገድደውን ሕግ ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ወስኗል። ይህ መልካም ነው፤ ችግሩ ሁሉም ከውጭ ሲታይ አንድ መምሰሉ ነው። የስልክ ቻርጀር ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፣ ግን አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ላፕቶፑ እየተሠራበት ባትሪው መቀነሱን ሊቀጥል ይችላል። ገመዱም ይለያል። ተራው 60 ዋት ድረስ ሲያሳልፍ፣ ከዚያ በላይ ለማሳለፍ ለ5 አምፔር የተሠራ፣ በውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል።

ራም ለመጨመር ያሰበ ሰው የነበረውን ነቅሎ ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል። ዲዲአር 3 ከዲዲአር 4 ጋር አይተካካም፤ የመግቢያው ስንጥቅ ራሱ ቦታው የተለያየ ነው። አሳሳቹ ዲዲአር 3ና በመጨረሻው ላይ ኤል የሚል ፊደል የታከለበት ወንድሙ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ቦታ ይገባሉ፤ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ይፈልጋል። በዝቅተኛው ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ተራው ሲገባበት ላይነሣ ይችላል።

ባትሪ ሲገዛ የላፕቶፑ ስም ብቻ አይበቃም፤ ባትሪው ላይ የታተመው መለያ ቁጥር መመሳሰል አለበት። 10.8 ቮልት በነበረው ፋንታ 11.1 የሚል ቢመጣ ግን አያስደነግጥም፤ ሁለቱም በሦስት ሴል ድርድር የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነቱ ከአጻጻፍ ነው። 14.8 ከሆነ ግን ባለ አራት ነውና ይመለስ። ያበጠ ባትሪ በምንም ምክንያት ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ መበሳትም ሆነ ልጆች እንዲጫወቱበት መስጠት እሳት መጥራት ነው።

ትርፍ ባትሪ ከውጭ አምጡልን የምትሉም መንገደኛው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው ንገሩት። የአየር መንገዶች ደንብ በእጅ ቦርሳ ብቻ እንዲያዝ ያዛል፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነም አስቀድሞ አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ብረት የሆኑት መገናኛዎቹ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ በፕላስተር ይሸፈኑ።